ክፍሌና የእንግሊዙ ባዶ ሻንጣ

ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ እኛ ፎቅ ላይ መጥታችሁ «ዶክተሩ የት ነው?» ብትሉ፣ ሰው ሁሉ የቆንጂትን በር ያሳያችኋል። እግሩን ያመመውም አንኳኩቶ ያውቃል፣ ልጇ ያሳለባትም አንኳኩታ ታውቃለች። ዶክተር የሚሉት ክፍሌ ግን እንኳን የሰው እግር ሊያክም የራሱንም ጉንፋን የሚያክመው በዝንጅብል ነው። ዶክተርም አልነበረም። ዶክተር ሊሆን የመጣ ልጅ ነበር እንጂ።

ስሙን ያወጣችለት ቆንጂት ናት፣ አከራዩ። ገና ከአዲስ አበባ መጥቶ ክፍሏን የተከራየ ሰሞን «ምን ልትማር ነው የመጣኸው?» ብላ ጠየቀችው። «ዶክትሬት» አላት። በማግስቱ ሎንድሪ ሩም ውስጥ ልብስ ስናጥብ «ቤቴን ዶክተር ተከራይቶታል» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። ማታውን ወሬው ከቤዝመንት እስከ ላይ ፎቅ ደርሷል። ደረጃው ላይ እኔም ትንሽ ረድቻታለሁ። ልጁ መጀመሪያ መጀመሪያ «ኧረ ገና ነኝ» ይል ነበር። በኋላ ደከመው። ዓመቱ እየተደራረበ ሲሄድ ደግሞ «ገና ነኝ» ማለቱ ራሱ አሳፈረው መሰለኝ፣ ዝም አለ።

ክፍሌ አንድ አመል አለበት፤ ምንም ነገር አይጨርስም። ሻይ ስትሰጡት ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ይተዋል። ቆንጂት መደርደሪያ እንዲገጥምላት ለምናው፣ አንዱን ጎን አጥብቆ ሌላውን ጎን ሳያጠብቅ ሄደ፣ ዕቃዋ ሁሉ ወደ አንድ ጎን እየተንሸራተተ ስኳር ፈልጋ ስታበቃ በርበሬ ይዛ ትመለሳለች። ወሬ ሲያወራም እንደዛው ነው። «እማማ፣ አንድ ቀን እንዲያውም ባስ ውስጥ...» ይልና ይተክዛል። እኔ ደግሞ ወሬ ጀምሮ የሚተው ሰው ሆዴን ነው የሚቆርጠኝ። «ባስ ውስጥ ምን? ሰው ሞተ? ሰው ወለደ?» እለዋለሁ። «ተውት እማማ፣ ይረዝማል» ይለኛል። ይርዘም! እኔ ምን ቀጠሮ አለኝ?

የሚያጠናውን ነገር ለማወቅ ስንት ደከምኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን ዶን ሚልስ ባስ አርፍዶ ፌርማታ ላይ ብርድ ሲያንቀጠቅጠን አጫወተኝ። አንድ እንግሊዝ ደራሲ ነበረ፣ ሞቷል፣ ስሙ አፌ አልገባ ስላለኝ እኔ «እንግሊዙ» ነው የምለው። ይሄ ሰውዬ አንድ ልቦለድ ጻፈ። ባሕር አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ቤት የምታከራይ ባልቴት አለች፣ ተከራዮች አሏት። መጽሐፉ እኩሌታው ላይ ሲደርስ በር ይንኳኳል። ማነው? ራሱ ደራሲው! ባዶ ሻንጣ አንጠልጥሎ ክፍል ሊከራይ መጥቷል። ይሄኔ ተከራዮቹ ተነሱበት። አንዱ «እኔን ለምን አንካሳ አረግከኝ?» ይለዋል። ባልቴቷ «ባሌን ምን በደለህ ብለህ ገደልክብኝ?» ትለዋለች።

«ኧረ ጉድ!» አልኩ። «ምን ብሎ መለሰ?»

«ይቅርታ ጠየቀ። ከዛማ...» ባስ መጣ። ተወው።

የቀረውን ሌላ ቀን ፈልቅቄ አወጣሁት። ከእንግሊዙ በኋላ አሜሪካኖቹ ተነሱ። እነሱም ደራሲው ራሱ እየዘለለ መጽሐፉ ውስጥ የሚገባበት፣ «ይሄን ሁሉ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ አትመኑኝ» የሚልበት ልቦለድ መጻፍ ያዙ። ፖስትሞደርን ይባላል አሉ። ሰው ሁሉ «አሜሪካኖቹ አዲስ ነገር አመጡ» ብሎ አጨበጨበላቸው። ክፍሌ ደግሞ «የለም፣ ነገሩ የተነሳው ከእንግሊዙ ነው» ባይ ነው። ይሄን ለማሳየት ነው ዕድሜውን ላይብረሪ የጨረሰው።

«ወሬው ከማን ተነሳ ነው እንግዲህ ትምህርትህ» አልኩት።

ሳቀ። «በትክክል እማማ። ግን ማስረጃ ይፈልጋሉ።»

«ለወሬ? ማስረጃ? ምን ዓይነት ጨዋታ የማያውቁ ሰዎች ናቸው!»

አሁን ወደ ፅዮን ልምጣ። ፅዮን የባህሩ ልጅ ናት። ባህሩ የህንፃችን ሱፐር ነው፤ ቧንቧ ሲፈስ፣ ሂተር ሲጠፋ የሚጠራው እሱ ነው። ወገቡ ላይ የታሰረው ቁልፍ ከሩቅ ሲንጫጫ ይሰማል። ልጁ እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። በአማርኛ ስትጠይቋት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ስትናደድ ብቻ አማርኛዋ ጥርት ይላል።

የተዋወቁት ኤሌቬተር ውስጥ ነው። የኛ ኤሌቬተር ደስ ሲለው ይሠራል፣ ሲከፋው ይቆማል። አንድ ቅዳሜ ሁለቱን ውስጥ እንዳረገ ቆመ። ባህሩ መሣሪያውን ይዞ እየሮጠ መጣ። እኔም መጣሁ፣ ኤሌቬተር ልሠራ አይደለም መቼም። በሩን ሲፈለቅቅ ከውስጥ የክፍሌ ድምፅ ይሰማል፣ ስለ እንግሊዙ ነው የሚያወራው። በሩ ሲከፈት ልጅቷ አባቷን ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ዳድ፣ ዌይት! ይጨርስ!»

ባህሩ ብረቱን እንደያዘ ቀረ። ክፍሌም አልጨረሰም። «መጨረሻውን ሌላ ቀን እነግርሻለሁ» አላት። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን እያለ ስኖው ሁለቴ ወርዶ ሁለቴ ቀለጠ። እኔማ አደነቅኩት፤ ሴት ልጅን መጨረሻውን ከልክሎ የያዘ ብልህ ወንድ ብዬ። ለካ ብልሃት አይደለም፣ አመሉ ነው። አጥብቃ ስትይዘው ጊዜ «መጨረሻ የለውም፣ ክፍት ነው» አላት። እሷም ዝም አለች። የዝምታዋን ነገር በኋላ ታዩታላችሁ።

እንዲያም ሆኖ ተዋደዋልና ክፍሌ ለባህሩ ሽማግሌ ላከ። አንዱ ዓለማየሁ ነው፣ ከፓርኪንግ ሥራ ጡረታ የወጣ እኩያዬ፣ ምላሱ ግን ጡረታ አልወጣም። ሁለተኛው ሰላሙ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ ሳቅ ሀጢአት የሚመስለው ሰው። ሦስተኛው ደረጄ ነበር፣ የዛን ዕለት ሺፍት ገባበት። ክፍሌ በሬ ላይ መጥቶ እጁን እያፋተገ ቆመ።

«እማማ፣ አንድ ሰው ጎደለ።»

«ሴት ሽማግሌ ደሞ የት ታየ?» አልኩት፣ ነጠላዬን እየፈለግሁ።

ባህሩ ቤት ገባን። መቼም ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተሰማለት አይቀመጥም። ባህሩ «ተቀመጡ እንጂ» አለ። «ለመቀመጥ አልመጣንም» አለ ሰላሙ። አዲስ ሶፋ ነው ደሞ፣ ለስላሳ፣ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ዓለማየሁ ጉሮሮውን ጠረገ። «አቶ ባህሩ፣ ልጅዎን ፅዮንን ለልጃችን ለዶክተር ክፍሌ እንዲሰጡን...»

«የምን ዶክተር?»

«የመጽሐፍ።»

«መጽሐፍ ይታመማል እንዴ?»

ፅዮን ወጥ ቤት ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት።

«እንግሊዞች አሜሪካኖቹን ልቦለድ እንዴት እንዳስተማሩ ነው ያጠናው» አለ ዓለማየሁ።

«አላስተማሯቸውም» አለ ሰላሙ። «አሜሪካኖቹ ሰርቀው ነው።»

«ሰላሙ! ለጋብቻ መጥተን ሌብነት ታነሳለህ?»

«የሆነውን ነው የምናገረው።»

«ወስደው አሻሻሉት ይባላል!»

«ሌባም ወስዶ ነው የሚያሻሽለው።»

ቆመው ሊደባደቡ ነው። መሃል ገባሁና ስለ ባልቴቷና ስለ ሻንጣው ማውራት ጀመርኩ። ከራሴም ጣል አረግሁበት፤ ባልቴቷን ቆንጆ አረግኋት፣ እንግሊዙም ዓይኑን እንዲጥልባት አረግሁ። ባህሩ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ያዳምጠኝ ጀመር። ቁልፎቹ እንኳ ዝም አሉ።

«እሺ፣ ከዛስ? መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

ተያዝኩ። «ክፍሌ... መጨረሻ የለውም ይላል።»

ባህሩ ቀና አለ። «መጨረሻ የሌለው ነገር ላይ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት? ፈተናውስ? አልፏል?»

ሦስታችንም ምንጣፉን አየን። ጥሩ ምንጣፍ ነው።

«ትንሽ ነች የቀረችው» አልኩ።

«እማማ አበራሽ፣ የቆንጂትን ቧንቧ ልሠራ ስገባ፣ ሦስት ዓመት አልፎታል፣ ያኔም ትንሽ ነች የቀረችኝ ብሎኛል። ልጁን አልጠላሁትም። ጨዋ ነው። ግን መደርደሪያውን አይቼዋለሁ።» አየው ለካ! «ልጄን አንድ ጎኑ ብቻ የታሰረ ነገር ላይ አላስቀምጥም። ይጨርስ። የጨረሰ ቀን ትቀመጣላችሁ።»

ቆመን ገባን፣ ቆመን ወጣን።

ለክፍሌ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ለካ ዩኒቨርስቲውም እስከ ኖቬምበር ካልጨረስክ እናሰናብትሃለን ብሎታል። ያለ ትምህርቱም ያለ ፅዮንም ሊቀር ነው። እኔ ሁለቱም አንድ ላይ ሲመጡበት ይነቃል ብዬ ነበር፣ ልጁ ጭራሽ ክፍሉን ዘግቶ ተኛ። ሾርባ ይዤ ገባሁ። ሾርባው ሰበብ ነው፤ ነገሩን ለማወቅ ነው።

«አበቃልኝ እማማ» አለኝ። «ከአሜሪካኖቹ ዋናው፣ የሁሉም አውራ የሆነው፣ እንግሊዙን አንብቤው አላውቅም ብሎ ተናግሯል። ቪዲዮ አለ።»

«አይ የኔ ሞኝ!» አልኩት። «እኔ ወሬ ስለቅ ከራሴ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። የቆንጂትንና የዛን የባስ ሾፌር ነገር ሳወራ አረንጓዴ ጃንጥላ ጨመርኩ። ጃንጥላ የሚባል ነገር አልነበረም! ቆይቼ ፓርክዴል ለቅሶ ብሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴትዮ ጠጋ ብላ የኔኑ ወሬ ለኔው አወራችልኝ። ማን ነገረሽ ብላት ረስታዋለች። አረንጓዴው ጃንጥላ ግን አለ! ታዲያ ከኔ እንደተነሳ በምን አወቅኩ?»

ብዬ ቀና አልኩ። በቃ ልጁን አዳንኩት ብዬ።

እሱ ሆዬ ሾርባውን እያማሰለ «እሱማ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አለ» አይለኝም? «ሻንጣው ነው። አሜሪካኖቹ ልቦለድ ውስጥም ደራሲው ሲገባ ባዶ ሻንጣ ይዞ ነው የሚገባው፣ አንዱም ለምን እንደያዘ አይናገርም። ያንን ድሮ ነው የጻፍኩት።»

ቅስሜ ስብር አለ። «ታዲያ ምን ቀረህ?»

«መጨረስ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ሾርባውም ግማሽ ላይ ነው።

«ሳያልቅ ትልቅ ነው እማማ። አባቴ ለሰው ሲያወራ፣ ሰዉ ዶክተር ሲለኝ፣ ትልቅ ነገር ነው። ሲያልቅ ግን ያው ወረቀት ነው። አንብበውት፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለዚህ ነው? ቢሉኝስ?»

እዚህ ላይ አልሳቅሁበትም። ወጥቼ ነው የሳቅሁት፣ እሱንም ትንሽ ብቻ።

የቆሻሻ መጣያው በር ከቆንጂት በር አጠገብ መሆኑ የኔ ጥፋት አይደለም። በዛው ሳምንት ፌስታሌን ይዤ ስወጣ ፅዮን ቆንጂት በር ላይ ቆማለች። ክፍሌ በሩን ገርበብ አርጎ ይዟል። ጠባብ ኮሪደር ነው፣ የት ልሂድ?

«መጽሐፉን አነበብኩት» አለችው። በአማርኛ! ልጁ ጉድ ፈላበት አልኩ በልቤ።

«የቱን?»

«የእንግሊዙን። ከላይብረሪ አወጣሁት። መጨረሻ የለውም ብለኸኝ ነበር።»

«የለውም እኮ። ክፍት ነው፣ ተመራማሪዎቹም...»

«አለው። ሰውየው ባዶ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። በሩን ይዘጋል። ሰዎቹ ተቀምጠው እራታቸውን ይበላሉ። አለቀ።»

«እሱን እንደ መጨረሻ ካየሽው...»

«ክፍሌ! ሰውየው ገባ፣ ወጣ። አንተ ግን ገብተህ ቀረህ። ዩ ኔቨር ሌፍት። እኔ ውጭ ነኝ። ኮሪደሩ ላይ ነኝ፣ ቆሻሻ ይዘው ከሚያዳምጡት ከእማማ አበራሽ ጋር!»

ፌስታሉ ከእጄ ወደቀ። ዞርም ሳትል አልፋኝ ሄደች። ክፍሌ በሩን አልዘጋውም። የሽንኩርት ልጣጬን ስለቅም እሱ እዛው ቆሞ ኮሪደሩን ያያል፣ እኔን ያየም አይመስለኝም።

ከዛ በኋላ ያለውን በቆንጂት በኩል ነው የተከታተልኩት። «አበራሽ፣ ልጁን ምን ነካው?» አለችኝ አንድ ቀን። «ብርጭቆው ባዶውን ነው የሚመለሰው።» እኔ ገባኝ። ቀጥሎ መደርደሪያውን አሰረላት፣ አሁን ደሞ በርበሬዋን ከለመደችበት ቦታ አጥታ ትነጫነጫለች። ኖቬምበር ሳይገባ ክፍሌ በሬን አንኳኩቶ «ቀን ተቆረጠልኝ እማማ። ፕሮፌሰሮቹ ፊት ቀርቤ እከራከራለሁ። ለሰው ክፍት ነው» አለኝ። ለሰው ክፍት ነው ባይለኝም እሄድ ነበር።

በባስም በሰብዌይም ሄድን። ዓለማየሁ ከረባት አሥሯል፣ ሰላሙ የቤተ ክርስቲያን ሱፉን ለብሷል፣ ቆንጂት ተቀብታ ተቀባብታ ወጥታለች። ፅዮን ከአባቷ ጋር ቀድማን ደርሳለች። ባህሩ ከነሥራ ልብሱ ከነቁልፉ ነው፤ «ሂተር ላይ ነኝ፣ አይቼ ልመለስ ነው» ይላል።

ክፍሉ ውስጥ ፕሮፌሰሮቹ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ ሴትዮ ናት። አንደኛው ፈታኝ ከአሜሪካ ነው የመጣው፣ ፊቱ ኮስተር ያለ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ወንበሩን አሳየችን። ቆንጂት ተቀመጠች። ሰላሙ አልተቀመጠም።

«ተቀመጥ እንጂ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ለልጃችን ልንለምን መጥተን ምን ብለን ነው የምንቀመጠው?»

ዓለማየሁም ቀጥ አለ። እኔስ ምን ላርግ? ያለ ሦስት ሽማግሌ ይሆናል? ጉልበቴን ይዤ ቆምኩ። ሴትዮዋ «ፕሊዝ» ትላለች፣ እኛ እጅ እንነሳለን፣ አንቀመጥም። ፅዮን ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ክፍሌ ዞረ። «በናታችሁ! ይሄ ሌላ ነገር ነው!»

«ምኑ ነው ሌላ?» አለ ሰላሙ። «የሰው ፊት ቆመን ልጃችንን ተቀበሉን ልንል አይደለም የመጣነው?»

ልጁ ምርጫ አልነበረውም፣ ደንቡን በእንግሊዝኛ አስረዳቸው። ኮስታራው አሜሪካዊ መነጽሩን አውልቆ አየን። ሴትዮዋ ሳቀች። «እንግዲያው ቶሎ እንጨርስላቸው» አለች አሉ፣ ፅዮን ናት የተረጎመችልኝ።

ቶሎ አልጨረሱም። ጠየቁት፣ መለሰ። ጠየቁት፣ መለሰ። በመጨረሻ ያ አሜሪካዊ የፈራነውን አነሳ፤ የአሜሪካኖቹ አውራ ራሱ እንግሊዙን አላነበብኩትም እያለ አንተ እንዴት ከሱ ወሰደ ትላለህ? አለው። የባህሩ ቁልፍ አንዴ ቅጭል አለ።

ክፍሌ ትንሽ ተከዘ። አይ፣ ሊተወው ነው አልኩ። ባስ የመጣበት መሰለኝ።

«ማንበብ የለበትም» አለ። «እንግሊዙን ያነበበው ለጓደኛው ያወራል፣ ጓደኛውም ለሌላ። ሻንጣው ባዶ ስለሆነ ለመሸከም አይከብድም፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።» እሺ፣ እዚህ ላይ ቢያቆም ምናለ? መጨረስ ለመደና አላቆመም። «ለምሳሌ አንዲት ጎረቤቴ ስለ አከራዬና ስለ አንድ የባስ ሾፌር ስታወራ አረንጓዴ ጃንጥላ ጨመረች...»

ቆንጂት ከወንበሯ ዞረች። «የምን የባስ ሾፌር?»

እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጥሩ ጣሪያ ነው፣ ሰፊ።

አሜሪካዊው ግን መጀመሪያ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ሳቁ አመለጠው። ሁላችንንም ወደ ኮሪደር አስወጥተው በሩን ዘጉ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበረ። ሰላሙ አየው፣ አልተቀመጠም። እኛም አልተቀመጥንም። ጉልበቴ የራሱን ጸሎት ያደርሳል። ባህሩ ክፍሌ አጠገብ መጥቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

«መጨረሻውን ጻፍከው?»

«ጽፌዋለሁ ጋሼ።»

«ምን ይላል?»

ክፍሌ ፅዮንን አያት። «ሰውየው በሩን ዘግቶ ይወጣል።»

ባህሩ ራሱን ነቀነቀ። ሳይዘገይ በሩ ተከፈተና ባለ ጥጥ ፀጉሯ ሴትዮ ብቅ አለች። «ኮንግራጁሌሽንስ፣ ዶክተር...» አለችና የአባቱ ስም አፏ ላይ ተሰበረባት፣ እጇን ብቻ ዘረጋችለት። ክፍሌ የተዘረጋለትን እጅ ይዞ መልቀቁን ረሳ። ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጅ «እሰይ!» ብላ ጮኸች።

ባህሩ እኛን አየን። ዓለማየሁ በአንድ እግሩ ቆሟል፣ ሰላሙ ላብ በላብ ሆኗል፣ እኔ የእሳት ማጥፊያው ላይ ተደግፌያለሁ። በጣቱ አግዳሚውን አሳየን።

«በሉ፣ ተቀመጡ።»

ሰላሙ ቀጥ ብሎ አየው። «ጉዳያችን ተሰማ ማለት ነው?»

«ተቀመጡ አልኩ እኮ ጋሼ!» አለ ባህሩ፣ ዓይኑን እያሻሸ። ሂተር ላይ ነኝ ያለው ሰውዬ እስኪመሽ ከኛ ጋር ነበር።

ተቀመጥን። ከዛ አግዳሚ የሚጥም ሶፋ አላየሁም።

አሁን ተጋብተው እዚሁ ህንፃ ውስጥ ነው ያሉት። እውነተኛ ዶክተር ከሆነ ወዲህ ደሞ ማንም ዶክተር አይለውም፣ ክፍሌ ነው የሚባለው። ሰው እንዲህ ነው። ቆንጂት ግን የባሱን ሾፌር ነገር ማን እንዳወራ እስከዛሬ እያጣራች ነው። አንድ ቀን ክፍሌን፣ አንድ ቀን ፅዮንን ትጠይቃለች፣ እኔንም ዓይኗን አጥብባ ታየኛለች።

ታጣራ። ማስረጃ የላትም።